አዲስ መኪና ቆሞ ሲያረጅ

ቴሌግራም ላይ በየጥቂት ወሩ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ቪዲዮ አለ። በድሮን ከላይ የተቀረጸ ሰፊ ሜዳ ያሳያል። በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ሣር በቅሏል። ከሥሩ «ገዢ አጥተው የተጣሉ አዲስ መኪኖች» የሚል ጽሑፍ አለ። ጅማ ውስጥ ቪዲዮው በየስልኩ በዞረ ቁጥር የሚሰማው ነገር አንድ ነው። «ወይ ጉድ! ከሚጥሉት ለእኛ ቢልኩልን ምናለበት?»

ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ ግን ቪዲዮዎቹን እናጥራቸው። አሜሪካ በረሃ ላይ ተኮልኩለው የሚታዩት ቮልስዋገኖች ያልተሸጡ መኪኖች አይደሉም። ኩባንያው በ2015 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተሮቹን የጭስ ምርመራ ሲያጭበረብር ተያዘ። ከዚያም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን ከባለቤቶቻቸው መልሶ ለመግዛት ተገደደ። ማቆሚያ ሲጠፋ በረሃም፣ የተዘጋ ስታዲየምም ተከራየ። ቻይና ውስጥ ሃንግዡ ከተማ ዳርቻ ሣር የበቀለባቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ የከሰሩ የኪራይ መኪና ኩባንያዎች ንብረት ነበሩ። አገልግለዋል፤ ባለቤታቸው ሲወድቅ እነሱም ሜዳ ላይ ቀሩ።

አዲስ መኪና ግን አይጣልም። ፋብሪካው ለብረቱም፣ ለባትሪውም፣ ለጉልበቱም ከፍሎበታል። አርክሶ ቢሸጠው ከመጣል ይሻለዋል። ስለዚህ ያልተሸጠ መኪና ሁሌም የሆነ ቦታ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ግን ስሙን ቀይሮ ነው። አንዳንዱም ተንከባሎ እኛ ጋ ይደርሳል።

እንዴት እንደሚደርስ ለማየት ከሻጩ እንጀምር። አሜሪካ ያለ መኪና ሻጭ ግቢውን የሚሞላው በራሱ ኪስ አይደለም። መኪናውን ከፋብሪካው የሚወስደው ከባንክ ወይም ከፋብሪካው አበዳሪ ድርጅት ባገኘው ብድር ነው፤ እስኪሸጠው ድረስ በየቀኑ ወለድ ይቆጥርበታል። እዚያ ለረጅም ጊዜ እንደ ጤናማ መለኪያ የሚታየው የ60 ቀን ክምችት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው መኪና አሁን ባለው የሽያጭ ፍጥነት በሁለት ወር ማለቅ አለበት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሻጩ ይቁነጠነጣል። ፋብሪካው የቅናሽ ገንዘብ ይለቅለታል። መኪናውን ሌላ ከተማ ካለ ሻጭ ጋር ይለዋወጣል። ለሙከራ መንጃ ያደርገዋል፣ መኪናው ጋራዥ ለገባበት ደንበኛ በውሰት ይሰጠዋል፣ ለኪራይ ኩባንያ በጅምላ ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ጨረታ ነው። ዋጋው የሚወርደው ሻጩ ደግ ስለሆነ አይደለም። ወለዱ ስለማያስተኛው ነው።

ቻይና ሲደርስ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ፋብሪካዎቹ የሚያመርቱት አገሩ ከሚገዛው በላይ ነው። ሻጩ በየወሩ መሙላት ያለበት ኮታ አለበት። ኮታውን ካልሞላ ጉርሻው ይቀርበታል። ታዲያ ብልሃት ተገኘ። መኪናውን በራሱ ወይም በሌላ ድርጅት ስም ሰሌዳ ያወጣለታል። በወረቀት ተሸጠ። ፋብሪካው «ይህን ያህል ሸጥኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ «ያገለገለ» ተብሎ በቅናሽ ይወጣል፤ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነው። የቻይናው መኪና አምራች የግሬት ዎል ሊቀመንበር ዌይ ጂያንጁን በግንቦት 2017 ይህን በይፋ አወጡት። ያገለገሉ መኪናዎች በሚሸጡባቸው የቻይና ድረ ገጾች ላይ ቢያንስ ከ3,000 እስከ 4,000 ሻጮች እንዲህ ዓይነት መኪና እንደሚያቀርቡ ተናገሩ።

በዚያው ወር ሌላው የቻይና መኪና አምራች ቢዋይዲ በ22 ሞዴሎች ላይ እስከ 34 በመቶ ቅናሽ አደረገ። ትንሿ ሲገል ከ69,800 ዩዋን ወደ 55,800 ወረደች። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ ጅማ ላይ ይመነዘራል።

ዜሮ ኪሎ ሜትር ከሆኑት «ያገለገሉ» መኪኖች ብዙዎቹ አገር ውስጥ አልቀሩም። ተጭነው ወደ ውጭ ወጡ። ሰሌዳ አውጥቶ፣ ሰሌዳውን መልሶ፣ ባሕር ማሻገር ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። እኛ አገር የሚገባው ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በትዕዛዝ አዲስ የሚያስመጣ ነጋዴ አለ፤ እዚሁ የሚገጣጠምም አለ። ግን አዲስ አበባን ሞልቶ ጅማም ብቅ ያለውን ቮልስዋገን አይዲ 6 ተመልከቱ። ቮልስዋገን ይህን መኪና የሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ጀርመኖች እንኳ በአገራቸው በይፋ አይገዙትም። እኛ ጋ ያመጣው ፋብሪካው ሳይሆን ነጋዴው ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ቻይንኛ ቢያወራ አይግረማችሁ።

ብር ብረት ሲሆን

የእኛው አስመጪ ከአሜሪካዊው ሻጭ በአንድ ነገር ይለያል። ፋብሪካ በብድር አይሰጠውም። መኪናው ከመጫኑ በፊት ከፍሏል። ከጂቡቲ ሲመጣ የትራንስፖርትና የወደብ ወጪ አለ። ከጉምሩክ ለማውጣት ቀረጥ አለ። አልሸጥ ካለው ለማን ይመልሳል? ብሩ ብረት ሆኖ ግቢ ውስጥ ቆመ ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ የታሰረበት ሰው ከአሜሪካዊው ፈጥኖ ዋጋ መቀነስ ነበረበት። አይቀንስም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ሐምሌ 22 ቀን 2016 እንመለስ። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ያልተሸጠ መኪና የነበረው ሰው ተኝቶ አተረፈ። ለመሸጥ የተጣደፈው ግን ያንኑ መኪና መልሶ ማስገባት አቃተው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ሻጭ ስለ ቅናሽ ብትጠይቁት መልሱ የተዘጋጀ ነው። «ዛሬ በዚህ ዋጋ ብለቀው ነገ መልሼ አላስገባውም።» ስሌቱ ሞኝነት አይደለም። የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ በደንብ ሠርቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ15 ዓመት በላይ የነዳ ሰው ቪትዙን ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠይቅበታል፤ ገዢም ያገኛል። እኛ አገር መኪና መንጃ ብቻ አልነበረም። የቁጠባ ደብተርም ነበር።

አሁን የተቸገሩት ሻጮች ከቪትዝ የተማሩትን ለኤሌክትሪክ መኪናም የሠሩበት ናቸው። በእኔ እምነት የገበያው ትልቁ ቅዠት እዚህ ጋ ነው። ቪትዝ ቆሞ ይጨምራል፤ ሌላ ቪትዝ አይገባምና። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በሩ ክፍት ነው። በ2014 ገንዘብ ሚኒስቴር ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነጻ አድርጎት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ነበር የተወው። በፊት ካስገባው ነጋዴ ኋላ የመጣው በርካሽ ሊያስገባ ይችላል። በ69,800 ዩዋን ጊዜ ሲገል የገዛ ሰው መኪናው መንገድ ላይ እያለች ሌላው በ55,800 አዘዘ። ብሩ ቢወድቅም ፋብሪካው ደግሞ ዋጋ እየጣለ ነው። በዚያ ላይ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ይመጣል፤ ባትሪው ሰፊ፣ ርቀቱ ረጅም።

የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መጋዘን ያለ ቡና ዋጋ እስኪወጣ ይጠበቃል። አዲሱ ምርት ከገባ በኋላ ግን የከረመው ቡና እንደ አዲስ ተቀምሶ አያልፍም።

ኪሎ ሜትሩ አልዋሸም

ሊገዛ ካሰበ ወዳጄ ጋር እዚሁ ጅማ አንዱን አየሁ። ነጭ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ። ወንበሮቹ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ ነው። ሻጩ ቁልፉን ተጫነ። ምንም። እንደገና ተጫነ። በሩ በእጅ ቁልፍ ተከፈተ፤ የታመቀ የሻጋታ ሽታ ወጣ። አንድ ልጅ ከባጃጅ የተፈታ ባትሪ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ በሽቦ ሲያያይዙት መኪናው ነቃ። ዋናው ባትሪ ከግማሽ በላይ ነበረው። የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና ምንም ኃይል ቢኖረው እሷ ከሞተች በሪሞት አይከፈትም፤ አይነሳምም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «መኪናው ተበላሽቷል» ብሎ ይሸሻል። ይህ ቀላሉ ነገር ነው። አዲስ ተገዝታ ትቀየራለች።

ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። የፍሬን ሸክላው ዝጓል። ዝናብ የከረመበት ሁሉ ይዝጋል፤ ጥቂት ሲነዳ ይጸዳል። ጎማው ላይ ግን አራት አኃዞች ነበሩ፦ 3123። በ2023 እ.ኤ.አ. በ31ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ ዜሮ ነው እኮ! ካላመንክ ኪሎ ሜትሩን እየው» አለ ሻጩ።

አየነው። ከመቶ አይሞላም። ኪሎ ሜትሩ አልዋሸም። ኪሎ ሜትር ግን ዕድሜ አይቆጥርም።

ዋናው ባትሪ ሲነዳም ሲቆምም ያረጃል። ይበልጥ የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙሉ ተሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆየትና ሙቀት። ስለዚህ የሚቆም መኪና ግማሽ ገደማ ተሞልቶ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ወራት ከከረመ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። ከሙቀት አንጻር ጅማ ለባትሪ ደግ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሯም ለስላሳ። ክፉው ጂቡቲ ነው። እኛ ክረምት በምንለው ወቅት ወደቡ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ በወረቀት ጣጣ ወራት የቆመ መኪና ጅማ ካደረው ይልቅ ተጎድቷል። የእኛ ከተማ ጠላት እርጥበቱና አይጡ ነው። አይጥ የሽቦ ሽፋን ይወዳል፤ የቆመ መኪና ኮፈን ሥር ደግሞ ሰላማዊ ቤቱ ነው።

ወዳጄ አልገዛውም። መኪናው አስጠልቶት አይደለም፤ ሻጩ እንደ አዲስ ካልሸጥኩ ብሎ ነው።

እንዲህ የከረመ መኪና መጨረሻው ምንድን ነው? በእኛ አገር የቅናሽ ማስታወቂያ ብዙም አታዩም። ዋጋው የሚወርደው በጓሮ በር ነው። አንዱ መንገድ መለዋወጥ ነው። «በቤት ወይም በቦታ እንለዋወጣለን» የሚለውን ማስታወቂያ አስተውሉ። ሻጩ የመኪናውን ዋጋ አልቀነሰም፤ የቤቱን ዋጋ ከፍ አድርጎ ተቀበለ እንጂ። ሁለቱም ክብራቸውን ጠብቀዋል። ሌላው የመኪና ዕቁብ ነው። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ቁልፍ ይረከባል። ሻጩ አንድ መኪና ይዞ አንድ ገዢ ከሚለምን፣ ብዙ ገዢዎችን በአንዴ አገኘ። ዕቁቡን የያዘው ሰው ታማኝ ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነ ግን ዕጣው የደረሳቸው ሲነዱ ያልደረሳቸው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ።

ሌላው ኮድ 3 ሰሌዳ አውጥቶ ለፕሮጀክት ወይም ለድርጅት ማከራየት ነው። ከዓመት በኋላ «ብዙ ያልተነዳ» ተብሎ ይሸጣል። አንዳንዱ ለሌላ ከተማ ሻጭ በኮሚሽን ይሰጣል፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ የሚመጡት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው አይቶ የተወውን የጅማ ሰው ገና አላየውም ከሚል ተስፋ መሆኑ ነው። ባንክ የያዘበት ደግሞ መጨረሻው ሐራጅ ነው። ከጉምሩክ በጊዜው ያልተነሳም እንደተተወ ተቆጥሮ በሐራጅ ሊወጣ ይችላል።

ለምን እዚህ ይከብዳል

አዲስ አበባ ያልሸጠውን ጅማ ይሸጠዋል የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ ጊቤ በረሃ ላይ ይሰበራል። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ሲገል በቻይናው መለኪያ 305 ወይም 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል፤ እንደ ባትሪዋ መጠን። የቻይናው መለኪያ ደግሞ ቸር ነው። አቀበቱ፣ ጭነቱና ፍጥነቱ ሲጨመሩበት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መንገድ ላይ አይገኝም። ቁልቁለቱ ጥቂት ይመልስላችኋል፤ አቀበቱ ግን ወለድ ጨምሮ ይወስዳል። አጋሮ ደርሶ መልስ ቀላል ነው። ቦንጋም ይቻላል። ቡና ነጋዴ ግን ወደ ገጠር ጭቃ የሚገባለት፣ ጆንያ የሚጭንለት ይፈልጋል።

የሚገርመው ኤሌክትሪክ ከእኛ ጎረቤት መመንጨቱ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ 20 ዓመት አልፎታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የመኪና ገዢው ጥያቄ ግን ግድቡ ሳይሆን ወልቂጤ ላይ የት እሞላለሁ፣ ስንት ሰዓት እቆማለሁ ነው።

ብድሩም አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በኋላ ጣሪያውን ከፍ አድርጎታል። ብድር ሲጠብ ባንክ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤት መኪና አይደለም። ጅማ ላይ ደግሞ ወለድ የማይነካ ገዢ ብዙ ነው። እሱ የሚሄደው ወደ ሙራባሃ ነው። በሙራባሃ ባንኩ መኪናውን መጀመሪያ ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ትርፉን አስታውቆ ለደንበኛው ይሸጣል። ባንክ ሲገዛ ወረቀት ይመረምራል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የሻንሲ ቁጥሩና የሻጩ ስም መግጠም አለባቸው። በውክልና ሦስት ሰው ዘንድ የዞረ መኪና እዚህ ጋ ይወድቃል። ብዙ መኪኖች የቆሙት ገዢ አጥተው ሳይሆን የገዢው ባንክ ወረቀታቸውን ስላልወደደው ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ይህ ሁሉ ማለት የከረመ መኪና አይገዛ ማለት አይደለም። እንዲያውም እዚሁ ጅማ ውስጥ ከቆጪ መርካቶ፣ ከመርካቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚመላለስና ቤቱ ግቢ ውስጥ ለሚሞላ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። ርቀቷ አጭር ናት ተብላ የተናቀችው ትንሽ መኪና ለእሱ ከበቂ በላይ ናት። ዋጋው ዕድሜውን ይምሰል እንጂ።

ዕድሜውን ለማወቅ ሻጩን መለመን አያስፈልግም። ጎማውን ነግሬአችኋለሁ፤ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ቀን ካልያዙ ጠይቁ። ከሻንሲ ቁጥሩ 17 ምልክቶች አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። በላቲን ፊደል ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025 ነው። በር ሲከፈት ወይም ኮፈን ሥር የሚገኘው የፋብሪካ ሳህን ላይም የተመረተበት ወር ይጻፋል። የባትሪውን ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ የሚያነብ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ለእሱ የምትከፍሉት ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

«ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» የሚለውን ደግሞ ረጋ ብላችሁ ስሙ። ቻይና ውስጥ የዋናው ባትሪ ዋስትና ቢያንስ 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያገለግለው ግን እዚያው ነው፤ መቆጠር የሚጀምረውም እዚያ መጀመሪያ ከተሸጠበት ጊዜ ነው። ጅማ ላይ ዋስትና ማለት የሻጩ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። እሱን ካልሰጣችሁ የለም ብላችሁ ሂሳብ ሥሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ተቀይሯል። ቻይና ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ትጠይቃለች። ሰሌዳ ከወጣለት 180 ቀን ያልሞላው መኪና «ያገለገለ» ተብሎ የሚወጣም ከሆነ፣ ፋብሪካው በሚሄድበት አገር ጥገና እንደሚሰጥ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ዓላማው ያንን የዜሮ ኪሎ ሜትር ንግድ መግታት ነው። ማረጋገጫውን የሚያገኝ ላኪ ካለ ለእኛ ጥሩ ነው፤ መለዋወጫና መካኒክ አብሮ ይመጣል። የማያገኘው ግን ሌላ አማራጭ አለው። 180 ቀኑ እስኪሞላ ግቢው ውስጥ አቁሞ መጠበቅ። በዚህ መንገድ የሚመጣ «ዜሮ» መኪና ገና ባሕር ሳይሻገር ግማሽ ዓመት ቆሞ ነው። የመርከቡን፣ የጂቡቲንና የሞጆን ጊዜ ስትጨምሩበት ጅማ ሲደርስ አንድ ዓመት ሊጠጋው ይችላል። ዋጋ ስትከራከሩ ከዚያ ጀምሩ።